ድሬ ላይ በላስቲክ ኩሬ ውስጥ ሸምበቆ፣ ፊላ ወይስ ደንገል?

የሳቢያን ግቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ላስቲክ የተነጠፈበት ኩሬ አለኝ፤ 3 ሜትር በ2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 60 ሴ.ሜ.። በአጥሩ በኩል እይታ የሚከልል ረጅም ተክል እፈልጋለሁ። አንድ ትንሽ ደንገል ተክያለሁ፤ አዲስ የሚያወጣው ግን ነጣ ያለ ቢጫ ነው። ጎረቤቶችም የወባ ትንኝ ይራባል ብለው ሰግተዋል።

ደንገል ወዳጅ፦
ወንድሜ፣ ሸምበቆን ላስቲክ ላይ በፍጹም! ከአፈር በታች የሚሄደው ግንዱ ጫፉ እንደ ወስፌ ስለሆነ ላስቲኩን ይበሳል። ፊላም ያው ነው። በደንገሉ ቀጥል፤ ሙቀት ይወዳል፣ ሲመቸው ከ3 ሜትር ያልፋል። ኃይለኛ ነፋስ ግን ይሰብረዋል፤ አጥሩ ሥር መሆኑ ጥሩ ነው።

ቁመቱ 35 ሴ.ሜ. የሆነ፣ ቀዳዳ የሌለው ሰፊ ሳፋ ያዝ። ሦስት እጅ ሸክላማ አፈር ከአንድ እጅ አሸዋ ጋር ቀላቅል፤ ላዩን 3 ሴ.ሜ. ጠጠር አልብሰው። ፍግ አይግባበት፤ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ አልጌ ያፈላል። ላስቲኩ ላይ የታጠፈ ጆንያ፣ በላዩ 20 ሴ.ሜ. ብሎኬት አድርገህ ሳፋውን አስቀምጥ፤ የ5 ሴ.ሜ. ውሃ ይሸፍነዋል። ሥር ሲይዝ ብሎኬቱን በ10 ሴ.ሜ. ቀይር። አዲስ ብሎኬት ኖራ ስለሚለቅ ቀድመህ ዘፍዝፈው።

ውሃና አፈር፦
ቢጫነቱን በተመለከተ፦ አዲሱ ነጥቶ አሮጌው አረንጓዴ ከሆነ የብረት እጥረት ነው። የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛዋል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር አስቡት። ፀሐዩ ውሃውን ሲያተን ኖራው ይቀራል፣ የጎደለውን በሞላን ቁጥር ይጨመራል። ስለዚህ መሙላት ብቻ አይበቃም፤ በየወሩ ሩቡን እየቀዳችሁ ለዛፎች አጠጡና በአዲስ ተኩ። የዝናብ ውሃ ከተገኘ ከሁሉ ይሻላል። የብረት ማዳበሪያ ስትገዙ ኢ.ዲ.ዲ.ኤች.ኤ. የሚለውን ምረጡ፤ ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. ኖራማ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይከሽፋል። አሮጌው ቀድሞ ቢጫ ከሆነ ግን ናይትሮጅን ነው የጎደለው።

ከዚራ፦
የጎረቤቶችህ ስጋት ትክክል ነው። በ2014 ዓ.ም. ድሬ ላይ ከተነሳው ወባ ጋር የተያያዘችው ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ ሰው ባዘጋጀው በርሜልና ገንዳ ውስጥ ትራባለች። ቆሮሶ ዓሣ ጨምር። ዓሣው የደንገሉ ዘንግ መሃል ካልገባ ግን የትንኟ እጭ እዚያ ተደብቆ ያድጋል፤ ስለዚህ የደረቀውንና የተጨናነቀውን ከሥሩ እየቆረጥክ አሳሳው። ባዶ ሳፋና ባልዲ ኩሬው ዳር አትተው፤ በሳምንት ውስጥ ትንኝ ይወጣበታል።

የሳቢያን ግቢ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሸምበቆውን ከኩሬው ውጭ፣ እርጥብ መደብ ላይ ብተክለውስ?

ደንገል ወዳጅ፦
ይቻላል፤ ቆሞ የሚውል ውሃም አያስፈልገውም። ታችና ላዩ የተቆረጠ በርሜል ቅበርና እዚያ ውስጥ ትከለው፤ ከንፈሩ ከመሬት 5 ሴ.ሜ. ከፍ ይበል፣ አለበለዚያ ግንዱ ዘሎ ይወጣል። ቁራጩን ደቻቱ ወንዝ ውስጥ እንዳትጥል፤ ጎርፍ ወስዶ የጣለው አንድ አንጓ ብቻውን ይበቅላል። አድርቀህ አቃጥለው።