ኤስትሬስ ላይ ፓች (የኮድ ማስተካከያ) መላክ ፈልጌ ነበር፣ ቴስቱ ግን ስኪፕና ፌይል ይላል

ኮደሯ፦
ሰላም ጓዶች። ኤስትሬስን (አንድ ፕሮግራም የሊኑክስን ከርነል ምን ምን እንደሚጠይቅ የሚያሳየውን መሣሪያ) ትንሽ ላግዝ ብዬ ኮዱን ከጊት አወረድኩ። ኮንፊገርም (ማዘጋጃው) ሜክም (ግንባታው) ያለችግር አለፉ። ቴስቶቹን ለማስኬድ ሜክ ቼክ ስል ግን አብዛኛው ፓስ ቢልም ስኪፑ (የተዘለለው) በዛ፣ ፌይልም (የወደቀም) አለበት። የምሠራው ዶከር (ፕሮግራሞችን ለይቶ አጥሮ የሚያስኬድ ኮንቴይነር) ውስጥ ነው። ኮዱን እኮ ገና አልነካሁትም! ደግሞስ ለጀማሪ የሚሆን ሥራ አለ?

ከርነል_ሱሰኛ፦
ስኪፑ አያስጨንቅሽ። ቴስቱ በመውጫ ኮድ 77 ካበቃ «እዚህ ማሽን ላይ ይሄን መፈተን አልችልም» ማለቱ ነው። ወይ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) የሚፈተነውን ሲስተም ኮል (ፕሮግራም ለከርነሉ የሚያቀርበውን ጥያቄ) አያውቀውም፣ ወይ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) አይደለሽም። ዋናው ፌይሉ ነው። ቴስትስ ፎልደር ውስጥ ቴስት-ስዊት.ሎግ አለልሽ፤ ክፈቺው፣ የተጠበቀውና የወጣው ጽሑፍ የት ላይ እንደተለያየ ቁልጭ አድርጎ ያሳይሻል።

ሰርቨር_ጠባቂ፦
እኔ ዶከሩን ነው የምጠረጥረው። የራሱ ሴክኮምፕ ማጣሪያ (የሲስተም ኮል ማገጃ) አለው፣ አንዳንድ ሲስተም ኮል ሳይፈጸም ኢፐርም («አልተፈቀደም» የሚል ስህተት) ብሎ ይመልሰዋል። ማጣሪያውን አጥፍተሽ ሞክሪ፣ ቪኤም (ቨርቹዋል ማሽን) ካለሽ ደግሞ ዶከሩን እርሺው።

ሲ_ብቻ፦
ለጀማሪ ቴስት መጻፍን የሚያህል የለም። አሠራሩ ደስ ይላል፦ ትንሽ የሲ ፕሮግራም ሲስተም ኮሉን ትጠራለች፣ ኤስትሬስ ሊያትመው የሚገባውን መስመር ራሷ ትጽፋለች፣ ከዚያ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ክሎዝን (ፋይል የሚዘጋውን ሲስተም ኮል) በ-1 ብትጠሪ «ክሎዝ(-1) = -1 ኢባድኤፍ» መምጣት አለበት፤ የፋይል ቁጥሩ ልክ አይደለም ማለት ነው። እኔን የገረመኝ ቴይል_አሎክ የሚሏት ፈንክሽን ናት። ስትራክቸሩን (ለሲስተም ኮሉ የሚሰጠውን የዳታ ጥቅል) ከሜሞሪ ገጹ መጨረሻ ጫፍ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ቀጣዩ ገጽ ዝግ ነው፤ ስለዚህ ኤስትሬስ አንዲት ባይት አልፎ ላንብብ ቢል ንባቡ ይከሽፋል፣ በስትራክቸሩ ይዘት ፈንታ አድራሻውን ብቻ ያትማል፣ ወዲያው ይጋለጣል። ተንኮለኛ ናቸው!
በ64 ቢት ብቻ አይተሽ ግን እንዳትልኪ። በ32 ቢት ሎንግ የሚባለው የቁጥር ዓይነት 4 ባይት ስለሆነ የስትራክቸሩ ቅርጽ ይቀየራል። ኮሚቱ (የለውጡ መዝገብ) ላይ የትኛውን ፋይልና ፈንክሽን እንደነካሽ ዘርዝሪ፣ ሳይንድ-ኦፍ-ባይም (በስምሽ የምትፈርሚበት መስመር) አትርሺ።

ኮደሯ፦
ተባረኩ! ሎጉን አየሁት፣ እውነትም ኢፐርም ነው። ቪኤም እየጫንኩ ነው። ሲ_ብቻ፣ የ32 ቢቱን ቴስት በ64 ቢት ማሽን ለማስኬድ ጂሲሲ-መልቲሊብ (የ32 ቢት ኮድ ለመገንባት የሚጫን ፓኬጅ) ይበቃል ወይስ ሌላ የሚጫን አለ?

ሲ_ብቻ፦
ዴቢያን ወይ ኡቡንቱ ከሆነ እሱ ይበቃል። ከጫንሽ በኋላ ኮንፊገርን ድገሚው፣ አለበለዚያ መጫኑን አያውቅም።