የደንበኞች መዝገብ ሲስተም፦ የዕቅዱ ክፍል 3 ላይ ሐሳብ ስጡ

ፀሐፊ (ደብረ ብርሃን)፦
ጤና ይስጥልኝ አባላት። የባናና የዝተት ደንበኞቻችንን የምንይዝበት ሲአርኤም ዕቅድ ክፍል 3 ብቻ ቀርቶታል። ሲስተሙ ከውጭ የኤስኤምኤስ አገልግሎት ጋር እንዴት ይገናኝ? የጽሑፍ ሳጥኖቹስ ምን ይምሰሉ? ባለፈው ወር የሆነውን ታውቃላችሁ። «አስቀምጥ» የሚለውን ስጫን ስክሪኑ ደረቀ። ደግሜ ተጫንኩ። ሠለስኩ። ሦስት ባና ያዘዘው ደንበኛ ሦስት መልእክት ደረሰውና ደወለልኝ፤ «ሦስት ነው ወይስ ዘጠኝ የምትልኩልኝ?»

የሸዋ ሮቢቱ አባል፦
ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ኮዱን አይቼዋለሁ። ትዕዛዙን ከማስቀመጡ በፊት የኤስኤምኤሱን ሰርቨር መልስ ይጠብቃል። የተጻፈው ፒኤችፒ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ሰርቨሩን የሚጠራው ከርል የሚባለው መሣሪያ ደግሞ የጊዜ ገደብ ካላበጁለት፣ አንዴ ከተገናኘ መልስ እስኪመጣ ተገትሮ ይቀራል።

እንዲህ ይጻፍ፦ ትዕዛዙ መጀመሪያ ይቀመጥ። መልእክቱ ወረፋ ይያዝ። ሌላ ፕሮግራም በየደቂቃው ከወረፋው እያነሳ ይላክ፤ በ10 ሰከንድ መልስ ካጣ ትቶት ቆይቶ ይሞክር። ግን ልብ በሉ። መልስ አልመጣም ማለት መልእክቱ አልሄደም ማለት አይደለም። ሄዶ መልሱ መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መልእክት መለያ ቁጥር እንስጠው። አገልግሎት ሰጪውም ያንኑ ቁጥር ሁለተኛ ሲያይ እንዳይልክ በውሉ እንጠይቅ።

ሰብሳቢ፦
እምቢ ቢልስ?

የሸዋ ሮቢቱ አባል፦
ያኔ «ያልተረጋገጠ» የሚል ምልክት ይደረግበትና ሰው አይቶ ይወስን። በራሱ እንዲደግም አንተወውም።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔ ደግሞ ሒሳቡን ላንሳ። በላቲን ፊደል 160 የሚይዘው ኤስኤምኤስ በእኛ ፊደል 70 ብቻ ነው የሚይዘው። ካለፈ ለሁለት ይከፈልና የሁለት ያስከፍላል። የአሁኑ ሰላምታችን ብቻውን ግማሹን ይበላል። ይኼን አዘጋጅቻለሁ፦ «ክቡር ደንበኛችን፣ ያዘዙት 3 ባና ደርሷል። ከመጋዘን ይውሰዱ።» ክፍት ቦታውን ጨምሬ ቆጠርኩት፣ 39 ነው። ቤተሰብ ደህና ነው ወይ የሚለውን በአካል ሲመጣ እንጠይቀዋለን።

የመሐል ሜዳው አባል፦
እኔን ያቃጠለኝ የማስታወሻ ሳጥኑ ነው። 255 ፊደል ሲሞላ የቀረውን ቆርጦ ይጥላል። አይናገርም። ደንበኛዋ ብዙ ዘርዝራ መጨረሻ ላይ «ጠርዙ ጥቁር እንዳይሆን» ብላ ነበር። እኔ ጋ የደረሰው «ጠርዙ ጥቁር» ነው። አማርኛ እንደሆነ አዎና አይሆንምን የሚለየው መጨረሻ ላይ ነው። ሸማኔው ምን ያድርግ? ጥቁር አድርጎ ሠራው።

የሸዋ ሮቢቱ አባል፦
ልክ ነዎት ጋሼ። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ነው፤ ዝም ብሎ የሚቆርጠው ጥብቅ የሚባለው አሠራሩ ስለጠፋ ነው። ሲበራ ቆርጦ ከመያዝ ይልቅ አልቀበልም ይላል። ሳጥኑንም «ቴክስት» ወደሚባለው ዓይነት እንቀይረው። 65,535 ባይት ይይዛል። የእኛ አንድ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ 21,845 ፊደል ማለት ነው። ለአንድ ባና አያንስም።

ፀሐፊ፦
የስሙስ ነገር? አንድ ደንበኛ አንዴ «ዓለሙ»፣ አንዴ «አለሙ» ተብሎ ሁለት ሰው ሆኗል። ለምን ሁሉንም በአንድ ፊደል አናደርገውም?

የመሐል ሜዳው አባል፦
በፍጹም! የእኔ ስም በንጉሡ «ሠ» ነው የሚጻፈው። ኮምፒውተር አያርመኝም።

የሸዋ ሮቢቱ አባል፦
ማንም አይነካብዎትም። ስሙ እንደተጻፈ ይቆያል። ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን የተደበቀ ሳጥን እናደርጋለን፤ እዚያ ውስጥ ዓ፣ ዐና ኣ ወደ አ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ሐና ኀ ወደ ሀ ይቀየራሉ። የአባትና የአያት ስምም ለየብቻ ይግባ።

ሰብሳቢ፦
እኔ ተስማምቻለሁ። ተቃውሞ ያለው እስከ ረቡዕ ይጻፍ። ፀሐፊያችን ሐሙስ ረቂቁ ላይ ያስገባልን።

የመሐል ሜዳው አባል፦
ተቃውሞ የለኝም። ጥቁር ጠርዝ ያለው ባና ግን አሁንም እኔ ጋ ተቀምጧል። የሚገዛ ካለ ንገሩኝ።