ሌላ የእጅ ባትሪ ልግዛ ወይስ ይብቃኝ?

ሰላም ወገኖች። ጅማ ነኝ። የእጅ ባትሪ እሰበስባለሁ፣ አሁን 23 ደርሰዋል። መሳቢያው ሞልቶ አራቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ከልብስ ጋር ተቀምጠዋል። ከአባቴ የቀረው፣ በሁለት ትልልቅ ድንጋይ የሚሠራው የቆርቆሮ ባትሪም አለ፣ እሱን በምንም አልለውጠውም።

ከእንግዲህ አልገዛም ብዬ ነበር። ሁለቱን ልሸጥ ሞክሬ ዋጋው ስላናደደኝ መለስኳቸው። ሦስት የሊቲየም ሴሎች (ቻርጅ የሚደረጉት ድንጋዮች) ደግሞ ሳልነካቸው ከርመው ቮልታቸው ከ2.5 በታች ወርዶ ተበላሹ፣ ይሄ በጣም ነው የቆጨኝ።

አሁን ሂርማታ ገበያ አንድ አየሁ። ማታ መብራት ሲጠፋ ቡና የምንለቅመው በእጅ ባትሪ ነው፣ የኔዎቹ ብርሃን ነጣ ያለ ሰማያዊ ስለሆነ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው መለየት ያስቸግራል፤ ይሄኛው ግን ሞቅ ያለ ብርሃን አለው፣ ሱቁ ውስጥ አብርቼው የእጄ ቀለም እንኳ እንደ ቀን ነው የታየኝ። ችግሩ ሴሉ 21700 ነው፣ 21 ሚሊ ሜትር ውፍረት በ70 ርዝመት። ከአባቴው በቀር የኔዎቹ በሙሉ 18650 ናቸው (18 በ65 ሚሊ ሜትር)፣ ቻርጀሬም ትልቁን አያስገባም።

እናንተ ብትሆኑ ለዚህ ብርሃን ብላችሁ አዲስ ቻርጀር ጨምራችሁ ትገዙታላችሁ ወይስ በ18650 የሚሠራ ሞቅ ያለ ብርሃን ያለው እስኪገኝ ትጠብቃላችሁ?