ክርክር፦ ልጅ ማጣት የኑሮ ጣጣ ነው ወይስ የሕመም? ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ምርመራው የት ይጀመር?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው መከራከሪያ ይህ ነው፦ ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ጤና ጣቢያዎች ልጅ ላጡ ባለትዳሮች የመጀመሪያውን ምርመራ ይስጡ ወይስ ያላቸውን ገንዘብና ባለሙያ ለወሊድና ለክትባት ያውሉ? አንዳንዱ «መካንነት የድህነት ውጤት ነው» ይላል፤ ሌላው «ድሃው ሲወልድ ነው የምናየው» ይላል። የራስንም የጎረቤትንም ገመና አታምጡ። ስለ አሠራሩና ስለ ማስረጃው እንነጋገር።

ኢኮኖሚስቱ፣ ደሴ፦ እኔ ተቃዋሚ ነኝ። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሕዝቡ በሀብት ለአምስት ሲከፈል በድሃው አምስተኛ እጅ ያለች ሴት በአማካይ 6.4 ልጅ፣ በሀብታሙ አምስተኛ እጅ ያለችው ደግሞ 2.6 ልጅ እንደምትወልድ ያሳያል። ድህነት መካን የሚያደርግ ቢሆን ቁጥሩ በተገለበጠ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በሕይወት ዘመናቸው መካንነት የሚያጋጥማቸው ሰዎች በሀብታም አገሮች 17.8፣ በመካከለኛና በዝቅተኛ ገቢ አገሮች 16.5 በመቶ ናቸው። ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም። ታዲያ ጤና ጣቢያውን በተጨማሪ ሥራ የምናጨናንቀው በምን ምክንያት ነው?

አዋላጅ ነርስ፣ ኮምቦልቻ፦ ወንድሜ፣ 6.4 የወለዱትንም ያልወለዱትንም ጨፍልቆ የሚያሳይ አማካይ ነው። ስምንት የወለደችና አንድም ያልወለደች ጎረቤታሞች አማካያቸው አራት ነው፤ ያላረገዘችዋ እዚያ ውስጥ አትታይም። ሁለተኛው ቁጥርህ ግን ትክክል ነው፤ እኔም የምነሣው ከእሱ ነው። ብዛቱ ይቀራረባል፤ ምክንያቱ ግን አይቀራረብም። ሀብታም አገር ውስጥ ብዙዎቹ ሴቶች ትዳርንና እርግዝናን ወደ ኋላ በመግፋታቸው ዕድሜ ይቀድማቸዋል። እኛ ዘንድ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የማህፀን ቱቦ መዘጋት ነው፤ እሱም በአብዛኛው ከኢንፌክሽን የሚመጣ ነው።

ቱቦው ወደ ማህፀን በሚገባበት ቦታ የውስጡ ስፋት ከ1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ውስጡን እንቁላሏን የሚገፉ ጥቃቅን ፀጉሮች ሸፍነውታል። በግንኙነት የሚተላለፈው ክላሚዲያ ወይም ጨብጥ ወደዚያ ሲወጣ ፀጉሮቹን ያረግፋል፤ ቁስሉ ሲድን ግድግዳና ግድግዳው ይጣበቃል። ስዊድን ውስጥ ለረጅም ዓመታት የተደረገ ክትትል እንዳሳየው፣ የማህፀንና የቱቦ ኢንፌክሽን አንድ ጊዜ የያዛቸው ሴቶች 8 በመቶ ያህሉ በቱቦ ምክንያት መውለድ አልቻሉም፤ ሁለት ጊዜ የያዛቸው 20 በመቶ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ የያዛቸው 40 በመቶ ገደማ። ድህነት የሚገባው እዚህ ላይ ነው፦ አንዱ ኢንፌክሽን ሦስት እስኪሆን ሳይታከም መቆየቱ ላይ። ቤት ውስጥ ተወልዶ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ሲቀር፣ ንጽሕናው ባልተጠበቀ ቦታ ውርጃ ሲፈጸም መጨረሻው ያው ነው። «አንድ ወልዳ ቆመች» የምንላቸው ብዙዎቹ እዚህ ውስጥ ናቸው።

ፋርማሲስት፣ ደሴ ፒያሳ፦ የሲስተርን ሐሳብ ከመድኃኒት መደብር በኩል ላሟላው። ለማህፀን ኢንፌክሽን ከሚታዘዘው መርፌ ጋር ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ14 ቀን ይሰጣል፤ 28 ፍሬ መሆኑ ነው። ከሜትሮኒዳዞል ጋር ሲደመር ለቀን ሠራተኛ ከባድ ወጪ ስለሆነ «ለጊዜው 10 ስጠኝ» ይባላል። በአራተኛው ቀን ሕመሙ ይቀንስና የቀረው ሳይገዛ ይቀራል። ባልየው ደግሞ ምንም ስለማያመው አይታከምም፤ በወሩ መልሶ ያስይዛታል። ክላሚዲያ አብዛኛዎቹ ሴቶች ላይ ምልክት ስለማያሳይ፣ እንደገና መያዟን የምታውቀው ማርገዝ ሲያቅታት ነው። ሁለቱ አብረው ካልታከሙና ሕክምናው እስኪያልቅ ከግንኙነት ካልተቆጠቡ ለአንዷ የተከፈለው ገንዘብ ባከነ ማለት ነው።

ሌላው ክሎሚፊን ነው። «የልጅ መድኃኒት» እየተባለ ከሰው ሰው ይሻገራል። እሱ እንቁላል የማይለቅ እንቁልጢን ይቀሰቅሳል እንጂ የተዘጋ ቱቦ አይከፍትም፤ የባልን ዘር ችግርም አያስተካክልም። የማያስፈልጋት ሴት ለብዙ ወራት ስትውጠው ገንዘቧም ዕድሜዋም አብሮ ይሄዳል።

ኢኮኖሚስቱ፦ ይህ ሁሉ የሚደግፈው የኔን ሐሳብ ነው። ችግሩ ኢንፌክሽን ከሆነ ገንዘቡ መከላከል ላይ ይዋል። የተዘጋ ቱቦን ጤና ጣቢያ አይከፍትም።

የሠራተኞች ጤና ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ፦ ሁሉም ግን ቱቦ አይደለም ወዳጆቼ። መካንነት የምንለው ባልና ሚስት ያለ መከላከያ አዘውትረው እየተገናኙ 12 ወር ሲያልፍ ነው፤ ከ35 ዓመት በላይ ለሆነች 6 ወር ይበቃል። ሚስት ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ፣ ባል የጂቡቲ መስመር ሾፌር ከሆኑ፣ ወይም አንዳቸው ዓረብ አገር ከሆኑ፣ በትዳር ሦስት ዓመት ቢቆጠርም አብረው የኖሩት ሲደመር ስድስት ወር ላይሞላ ይችላል። ማርገዝ የሚቻለው እንቁላል የሚለቀቅበትን ቀን ጨምሮ በስድስት ቀን ውስጥ ብቻ ነው። የወር አበባዋ በ28 ቀን ለሚመላለስ፣ እንቁላሉ በ14ኛው ቀን ገደማ ይለቀቃል። ባል በወር ሁለት ሌሊት ቤቱ የሚያድር ከሆነ እነዚያ ቀናት ሳይገጥሙ ዓመቱ ያልቃል። ለእነዚህ ባልና ሚስት መድኃኒታቸው ቀን መቁጠር ነው፤ በየ2 ቀኑ መገናኘት ከቻሉ ደግሞ መቁጠሩም አያስፈልግም።

የወሊድ መከላከያው ዲፖ መርፌም እንዲሁ። መርፌው መካን አያደርግም፤ ግን ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ ግማሾቹ የሚያረግዙት ከመጨረሻው መርፌ በኋላ 10 ወር ሲሞላ ነው። ይህን የሚነግራት ካጣች ባሏም አማቷም «መርፌው ጨረሳት» ይላሉ፤ ትዳር ይፈርሳል። አሥር ደቂቃ ቁጭ አድርጎ ማስረዳት የትኛውን በጀት ይጎዳል?

ሌላ ተሳታፊ፣ ደሴ፦ ጠበሉም ዱዓውም አለ እኮ። ሰው መጀመሪያ ወደዚያ ነው የሚሄደው።

አዋላጅ ነርስ፦ ይሂዱ፣ ማንም አይከለክልም። ጭንቀታቸውን የሚያቀልላቸው እምነታቸው ነው። የምንለምነው የሐኪም ቀጠሮ በዚያ ምክንያት እንዳይታለፍ ነው፤ በ30 ዓመት የሚታከመው በ38 ላይታከም ይችላል።

የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ደሴ፦ እስካሁን ስለ ሴቷ ብቻ ነው ያወራነው። ከጉዳዮቹ ወደ ግማሽ በሚጠጉት ውስጥ የወንዱ ድርሻ አለበት። ያም ሆኖ እሷ የቱቦ ራጅ ተነሥታ፣ ሆርሞን ተመርምራ ስትጨርስ እሱ አንድ ዕቃ ላይ ናሙና አልሰጠም። በቅደም ተከተል ርካሹና የማያመው የወንድ ዘር ምርመራ ነው፤ እሱ ይቅደም። የቱቦ ራጅ የወር አበባ ከጀመረበት ቀን ተቆጥሮ በሰባተኛውና በአሥረኛው ቀን መካከል፣ ደሙ ካቆመ በኋላ የሚደረግ፣ የሚያም፣ ኢንፌክሽን ካለም ሊያባብስ የሚችል ምርመራ ነው።

ለዘር ምርመራ ደግሞ ለወባና ለቲቢ የምንጠቀምበት ማይክሮስኮፕ ይበቃል፤ መቁጠሪያው መስታወትም የደም ሕዋስ የሚቆጠርበት ነው። ናሙናው ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ ይሰጣል። የመጀመሪያዋ ጠብታ ከፈሰሰች ውጤቱ አይታመንም፤ አብዛኛው ዘር እዚያ ውስጥ ነው። በሳሙና፣ በቅባት ወይም በተራ ኮንዶም የመጣ ናሙና የሞተ ዘር ያሳያል፤ ጤነኛውን ሰው «መካን» አስብሎ ይልካል። የጤነኛ ዝቅተኛው ልኬት መጠኑ 1.4 ሚሊ ሊትር፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ዘር፣ የሚንቀሳቀሰው 42 በመቶ ነው። ከዚያ በታች ከሆነም በአንድ ውጤት ፍርድ አይሰጥም፤ አዲስ ዘር ለመመረት ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል።

ኢኮኖሚስቱ፦ እሺ፣ እዚህ ላይ አሳምነኸኛል። ይህን ያህል ቀላል መሆኑን አላሰብኩም ነበር። የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቱቦዋ የተዘጋ ሆኖ ቢገኝ የት ትሄዳለች?

የሠራተኞች ጤና ባለሙያ፦ አዲስ አበባ። በመንግሥት በኩል ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. ማዕከል ከፍቷል። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው። አይቪኤፍ (እንቁላልና ዘርን ከሰውነት ውጭ ማዳቀል) ማለት ከ10 እስከ 12 ቀን መርፌ፣ በመካከሉ ተደጋጋሚ አልትራሳውንድ፣ እንቁላል ማውጣት፣ ከ3 እስከ 5 ቀን በኋላ ጽንሱን መመለስ ነው፤ ሦስት ሳምንት ያህል አዲስ አበባ መክረም ይጠይቃል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የመጀመሪያ ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። ለአንድ ሙከራ የዓመቱ ፈቃድ አለቀ ማለት ነው፤ በአንድ ሙከራ ደግሞ ብዙዎች አይሳካላቸውም። ባለሀብቷና የፋብሪካ ሠራተኛዋ ላይ ያለው ሕመም አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ ኑሮ የሚለያያቸው እዚህ ነው። ለዚህ ነው ቱቦው ሳይዘጋ እዚሁ እንድረስላቸው የምንለው፤ ኢንፌክሽኑን ታክሞ የጨረሰ ባልና ሚስት አዲስ አበባ መሄድ ላያስፈልገው ይችላል።

ኢኮኖሚስቱ፦ እንግዲያው ሐሳቤን ላስተካክል። ምክሩ፣ የሁለቱም የኢንፌክሽን ሕክምናና የወንዱ ምርመራ ጤና ጣቢያ ላይ ይሰጥ። የቱቦ ራጁና ሆርሞኑ በሪፈር ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል ይሁን። ግን ከኮምቦልቻ ናሙና ወደ ደሴ ቢላክ ምን ችግር አለው? ለምን ሁለት ቦታ?

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ናሙናው በአንድ ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት፤ ከሰውነት ሙቀት ብዙ ሳይርቅ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሚኒባስ እስኪሞላ ጠብቆ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ፣ በደሴ ብርድ እስኪደርስ ሰዓቱ ያልፋል። ኮምቦልቻው እዚያው ይታይ። የሚጎድለው ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ውሃ ያለው አንድ ትንሽ ክፍል ነው። ወንዱ መጸዳጃ ቤት ተብሎ ከተላከ አይመለስም፤ እንደገና ሴቷ ብቻ ትመረመራለች።