ራሱ ላይ «ፉቱራማ» የሚል አሮጌ ጊታር፦ የእንግሊዝ ሥራ ነው? ጥገናውስ ከምን ይጀመር?

ደብረብርሃን_ቅኝት

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ደብረ ብርሃን በአንድ የወጣቶች ሙዚቃ ክበብ መጋዘን ውስጥ አሮጌ ኤሌክትሪክ ጊታር አለ። ራሱ (መቃኛ ቁልፎቹ ያሉበት ጫፍ) ላይ «ፉቱራማ» ተብሎ ተጽፏል። ሦስት ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ)፣ ሦስት ማብሪያ ማጥፊያና በእጅ የሚርገበገብ ብሪጅ (ክሮቹ ገላው ላይ የሚያርፉበት) አለው። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ክሮቹ 4 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብለዋል። የመሀሉ ፒክአፕ ድምፅ የለውም፤ አምፕሊፋየር ላይ ሲሰካ ደግሞ እምምታው አያቋርጥም። «የእንግሊዝ ነው፣ ውድ ነው» የሚሉ አሉ፤ «ጣሉት» የሚሉም አሉ። የታሰበው ትዝታና ባቲ ለሚለማመዱ ልጆች ነው። እውነት የእንግሊዝ ነው? መጀመሪያስ ምኑ ይነካ?

የድሮ_ጊታር

ወንድሜ፣ እንዳትጥሉት። ስሙን የሰጠው የለንደን ነጋዴ ነው፤ ጊታሩ ግን በብዙ መልኩ የቼኮዝሎቫኪያ ይመስላል። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ብሪታንያ ከጦርነቱ በኋላ ዶላር አጥሯት ነበር። ስለዚህ ከ1951 እስከ 1959 የአሜሪካ የሙዚቃ መሣሪያ ወደ አገሯ እንዳይገባ ከለከለች። የእንግሊዝ ወጣት የአሜሪካውን ፌንደር ጊታር የሚያየው በሸክላ ሽፋን ላይ ብቻ ነበር። ጊታር ፈላጊው ሲበዛ አስመጪዎች ዶላር ወደማይጠይቅ አገር ዞሩ። ሰልመር የተባለው የለንደን ድርጅት ሆፍነርን ከምዕራብ ጀርመን፣ «ግራዚዮሶ» የሚባለውን ደግሞ ከቼኮዝሎቫኪያ አመጣ። ግራዚዮሶን ለእንግሊዝ ገበያ «ፉቱራማ» ብሎ ሰየመው። ቅርጹ ፌንደር ስትራቶካስተርን ያስታውሳል፤ ሦስቱ ፒክአፕ፣ ሦስቱ ማብሪያና የሚርገበገበው ብሪጅ የዚሁ ምልክት ናቸው። ዋጋው 55 ጊኒ (የድሮ የእንግሊዝ የገንዘብ መለኪያ) ነበር፣ ለሠራተኛ ልጅ ከባድ ገንዘብ። የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን በ1959 የገዛው ይህንኑ ነው፤ ሃምቡርግም ድረስ ይዞት ሄዷል። የክሩ ከፍታ ያኔም የታወቀ ችግሩ ስለነበር የእናንተው 4 ሚሊሜትር መሆኑ አይገርምም።

ጃፓንም በዚያው ጊዜ ገብታለች። የጉያቶን ጊታር እንግሊዝ ውስጥ «አንቶሪያ» እየተባለ ይሸጥ ነበር፤ የሻዶውስ ባንዱ ሃንክ ማርቪን፣ ዘፋኙ ክሊፍ ሪቻርድ በ1959 ስትራቶካስተር ከአሜሪካ እስኪያስመጣለት ድረስ የተጫወተው በእሱ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ የተሠራው ሌላ ነው። ቻርሊ ዋትኪንስ «ራፒየር»ን አወጣ። ዳርትፎርድ የነበረው የቶም ጄኒንግስ ድርጅት «ቮክስ»ን ሠራ፤ ቮክስ ግን ቆይቶ ብዙ ጊታሮቹን ጣሊያን ሬካናቲ ከተማ ኤኮ ዘንድ ያሠራ ስለነበር ስሙ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከሁሉም በላይ መጠናት ያለበት ጂም በርንስ ነው። በ1960 በስሙ ድርጅት አቋቋመ፤ «ባይሰን»ንና በ1964 ከሃንክ ማርቪን ጋር የቀረጸውን «ማርቪን»ን አወጣ። የአንገቱን ብረት (ጉብጠቱን የሚያስተካክለውን) የሚያጠብቀው በጥርስ ማርሽ ነበር፤ «ትራይሶኒክ» የሚለው ፒክአፑ ደግሞ የኩዊን ባንዱ ብራያን ሜይ በእጁ በሠራው ጊታር ላይ እስከ ዛሬ ይሰማል። የበርንስ ድርጅት በ1965 ለአሜሪካው ባልድዊን ተሸጠ፤ በ1970 ሥራው ቆመ። ከበርንስ የወጡት ጃክ ጎልደርና ኖርማን ሆልደር ናቸው ኋላ «ሼርጎልድ»ን ያቆሙት። ሰው በርንስን «የእንግሊዙ ሊዮ ፌንደር» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጥሩ ሐሳብ ነበረው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ሰልመር በ1960ዎቹ «ፉቱራማ» የሚለውን ስም ለስዊድኑ ሃግስትሮም ጊታሮችም ሰጥቷል። የሃግስትሮም አንገት ቀጭን ነው፣ ውስጡም ኤች ቅርጽ ያለው ብረት አለበት። የእናንተው አንገት ወፍራም ከሆነ ቼክ ነው ማለት ይቀላል። ቀለሙን ግን በብርጭቆ ወረቀት አትፋቁት፤ ቀለሙም ስሙም የታሪኩ አካል ናቸው።

እንጨትና_ኮላ

ከክሩ ከፍታ በፊት የአንገቱን ጉብጠት ለካ። ስድስተኛውን ክር አንደኛው ፍሬት ላይና አንገቱ ከገላው የሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጭነህ ሰባተኛው ላይ ያለውን ክፍተት እይ። ደህናው ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ነው። ተራ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ቅጠል ደርበህ አስገባና ሳይጠብቅ ሳይላላ ካለፈ በቂ ነው።

ጉብጠቱ ደህና ሆኖ ክሩ ብቻ ከፍ ካለ፣ ጥፋቱ የአንገቱ ማዕዘን ነው። አንገቱ በብሎን የተያዘ ከሆነ ክሩን አላላ፣ ብሎኖቹን በትክክለኛ ካቻቢቴ ፍታ (ያረጀ ብሎን ቀዳዳው ቶሎ ይበላል)። ከዚያም በማረፊያው ጉድጓድ ወደ ብሪጅ በሚጠጋው ጫፍ ላይ 0.3 ሚሊሜትር የሚሆን ጠንካራ ካርድ አስገባና መልሰህ እሰር። ራሱ ወደ ኋላ ጋደል ይላል፣ ክሩም ይወርዳል። በሌላው ጫፍ ካስገባኸው ክሩ ይብስ ከፍ ይላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አሥራ ሁለተኛው ላይ 2 ሚሊሜትር ካገኘህ ለልጆች በቂ ነው።

ሽቦ_መርማሪ

መጀመሪያ ደህንነት። አምፕሊፋየሩ አሮጌ ከሆነና ስፒናው ሁለት እግር ብቻ ካለው ልጅ እንዳይነካው። በመልቲሜትር በኤሲ ቮልት በጊታሩ ክርና በትክክለኛ ግራውንድ (ከመሬት በተገናኘ ሽቦ) መካከል ለካ፤ ቮልት ካሳየ አትጫወቱበት። የመብራት አምፕ (በቫኪዩም ቱቦ የሚሠራ) ከሆነ ደግሞ ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ ሊቆይ ስለሚችል ያለ ባለሙያ አይከፈትም። ለእንግሊዝ 240 ቮልት የተሠራ አምፕ በእኛ 220 ይሠራል፤ የቱቦዎቹ ማሞቂያ 6.3 ቮልት ወደ 5.8 ገደማ ይወርዳል፣ ጉዳት የለውም። ጀርባው ላይ የቮልት መምረጫ ካለ ወደ 220 አዙረው።

እምምታው 50 ኸርዝ ነው። ክሩን ስትነካ ከቀነሰ ግራውንዱ ሠርቷል፣ የሚቀረው ውስጡን በመዳብ ወረቀት መሸፈን ነው። ስትነካው ከጨመረ ወይም ካልተለወጠ ከብሪጁ ወደ ሶኬቱ የሚሄደው ሽቦ ተበጥሷል ማለት ነው፤ በመልቲሜትር ከ1 ኦም በታች ማሳየት አለበት።

መሀሉን ፒክአፕ «ሞተ» ከማለትህ በፊት ማብሪያውን ጠርጥር። ከስልሳ ዓመት በላይ የቆየ ብረት ዝገት ይይዛል። የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ርጭበት፣ ሠላሳ ጊዜ ያህል ወዲህና ወዲያ አድርገው። ካልሰራ ፒክአፑን ከማብሪያው ነጥለህ ለካው። ከ4 እስከ 10 ኪሎ ኦም ካነበበ በሕይወት አለ። ምንም ካላነበበ ሽቦው ተቋርጧል፤ ብዙ ጊዜ የሚቋረጠው ወፍራሙ ገመድ ከቀጭኑ የጥቅል ሽቦ ጋር በተበየደበት ቦታ ነው። ያ ሽቦ ከጸጉር የቀጠነ፣ ወደ 0.06 ሚሊሜትር ነው፤ በካቻቢቴ ጫፍ አትጎርጉረው።

ደብረብርሃን_ቅኝት

እግዜር ይስጥልን። ማብሪያውን ካጸዳነው በኋላ መሀሉ ፒክአፕ 6.1 ኪሎ ኦም አነበበ፣ ድምፁም መጣ። ጉብጠቱ ግን 0.9 ሚሊሜትር ነው። ራሱ ላይም ሆነ አንገቱ ከገላው በሚገናኝበት እግሩ ላይ የአንገት ብረት ማስተካከያ አይታይም። አሁን የታሰረው ክር ወፍራም ነው፣ ሦስተኛው እንኳ በሽቦ የተጠቀለለ ነው።

እንጨትና_ኮላ

መልሱ ራሱ መልእክትህ ውስጥ አለ። በዚያ ዘመን ክር ሁሉ ወፍራም ነበር፣ ሦስተኛው የተጠቀለለ መሆኑም የዚሁ ምልክት ነው። 010 ክር (ቁጥሩ የቀጭኑ ክር ውፍረት በኢንች ሺህኛ ነው) አንገቱን በ46 ኪሎ ገደማ ይስበዋል፤ 009 ወደ 38 ይወርዳል። ወፍራሙ ከሁለቱም በላይ ነው። 009 እሰር፤ ለትዝታ ቅኝት ክሩን ገፍቶ ድምፅ ለማሸሽም ለጣት ቀላል ነው። ቀጭኑ ክር በጊታሩ ራስ በኩል ባለው ሰፊ ቦይ ውስጥ ቢንቀጠቀጥ ቦዩ ያለበትን ቁራጭ ለክሩ በሚገጥም ተካው። ሁለት ቀን ጠብቅና እንደገና ለካ። 0.5 ከደረሰ ተዉት፣ ይጫወታል። ካልወረደ በሙቀት የሚቃናው ለባለሙያ ብቻ ነው፤ የዚያ ዘመን የአጥንት ኮላ 60 ዲግሪ ገደማ ላይ ይለሰልሳል፣ የጣት ሰሌዳው ይነሳብሃል።

የደብረ ብርሃንን ብርድም አትርሳ። ከኅዳር ጀምሮ አየሩ ይደርቃል፣ ቤቱ ውስጥ ከሰል ሲነድ ደግሞ ይብሳል። እንጨቱ ጠቦ የፍሬቱ ጫፍ ጣት የሚቧጭር ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው። በተበሳ የሳሙና ሣጥን ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አድርገህ ከጊታሩ ጋር ቦርሳው ውስጥ አስቀምጥ፤ እንጨቱን እንዳይነካ። ለዝግጅት ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ጣርማበርን አልፋችሁ ከ2,800 ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሳችሁ ወዲያው አትክፈቱት። ቦርሳው ሳይከፈት ሁለት ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ ቃኙት።