ክርክር፦ ለሥራ ለምንፈልገው ሰው ደመወዙን በመልዕክቱ እንጻፍለት ወይስ ሲመጣ እንንገረው?

የቡሬው፦ እንደምን ዋላችሁ። እኔ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የሰው ኃይል ላይ ነኝ። ባለፈው ወር ለጥራት ተቆጣጣሪነት ይሆናሉ ላልናቸው 14 ሰዎች በየስልካቸው ላክሁ። የመለሱልኝ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው «ማን ነህ?» ነው ያለኝ። የላክሁት ይኸው፦ «ሰላም ውድ እጩ። በዘርፉ ቀዳሚ የሆነው ድርጅታችን ብቁና ተነሳሽነት ያላቸውን ባለሙያዎች በማራኪ ደመወዝ አወዳድሮ መቅጠር ስለሚፈልግ ሲቪዎን ይላኩልን።» ጓደኛዬ «ደመወዙን ስላልጻፍህ ነው» ይለኛል። አለቃዬ ደግሞ «ሲመጡ ይነገራቸዋል» ባይ ናቸው። እናንተስ?

የማርቆሷ፦ አለቃህ ይቅር ይበሉኝ፣ ጓደኛህ ልክ ነው። «ማራኪ ደመወዝ» ማለት እኮ ቅኔ ነው፤ ሰሙ ማራኪ፣ ወርቁ ትንሽ። ቅኔ ቤቱ ዋሸራ መውረድ ሳያስፈልገን ፈትተነዋል። እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አምና እንዲህ ባለ መልዕክት ተጠርቼ ባሕር ዳር ድረስ ሄድሁ። የትራንስፖርት ከኪሴ፣ ማደሪያ ከኪሴ። በማግስቱ የነገሩኝ ደመወዝ እዚሁ ከማገኘው ያነሰ ነበር። መጀመሪያ ቢጽፉት እነሱም እኔም ቀናችንን አናቃጥልም ነበር።

የባሕር ዳሩ፦ እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው፤ በሳምንት ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ይደርሰኛል። ደመወዝ የተጻፈበትም ቢሆን አጠፋዋለሁ። ለምን? ለእኔ አልተጻፈማ! «ውድ እጩ» የሚለኝ ሰው ስሜን እንኳ አላየም። አንድ ጊዜ ግን አንዲት ልጅ «የሠራኸውን የመድኃኒት ቤት ክምችት መቆጣጠሪያ አይቼዋለሁ፣ እኛም የምንቸገረው እዚያው ላይ ነው» ብላ ጻፈችልኝ። ደመወዝ አልጠቀሰችም፤ በዚያው ደቂቃ መለስሁላት። ደግሞ ቁጥር ስትጽፍ ከዚያ በላይ የሚገባው ሰው ሳያናግርህ ያልፋል።

የማርቆሷ፦ አንተን በሳምንት ሦስት ሰው ይፈልግሃል ወንድማለም፣ ታማርጣለህ። እኛ የምናስበው የቤት ኪራዩን ነው።

የፍኖተ ሰላሙ፦ ልጆቼ፣ እኔ ቀጣሪ ነኝ፣ አልጽፍም። ምክንያቴን ልንገራችሁ። ስድስት ዓመት አብሮኝ የቆየ ሠራተኛ አለኝ። ዛሬ ገበያው ስለተወደደ ለአዲስ ሰው እሱ ከሚያገኘው በላይ ካልከፈልሁ አላገኝም። ቁጥሩን ጽፌ ብልክ በማግስቱ የድሮዎቹ በሙሉ ደጄ ላይ ናቸው።

የማርቆሷ፦ ጋሼ አይቆጡኝና፣ እኒያ የድሮዎቹ አሁንም ያውቃሉ። ፔሮል የሚሠራላችሁ ሰው አፍ የለውም?

የፍኖተ ሰላሙ፦ (ሳቅ) የእኔዋ ሒሳብ ሠራተኛ አንቺ እንዳትሆኚ!

የዳንግላው፦ አንድ ነገር ይገርመኛል። ጠዋት አደባባይ ቆሞ ሥራ የሚጠብቅ የቀን ሠራተኛ «ቀኑ ስንት ነው? ምሳ አለው?» ሳይል አካፋ አያነሳም። ማንም ነውር አይለውም። ለመተማ ሰሊጥ አጨዳ የሚወርደውም ዋጋውን ሳይሰማ መኪና አይሳፈርም። ዲግሪ የያዘው ሲጠይቅ ነው «ገንዘብ ብቻ የሚያይ» የሚባለው።

ስለ ርዝመቱ ደግሞ፣ የቡሬው፣ በፊደላችን የተጻፈ አጭር የስልክ መልዕክት 70 ሆሄ ብቻ ነው የሚይዘው፤ በላቲን ቢሆን 160 ነበር። ያንተን ብቆጥረው ወደ ሁለተኛው ያልፋል። ዳታ ተቋርጦብን በነበሩት ወራት በአጭር መልዕክት ብቻ ስንቀጥር ይህን ተማርሁ፤ «በዘርፉ ቀዳሚ» ለሚለው ቦታ የለም።

ከጻፍህም ያልተጣራ መሆኑን ግለጸው። 12,000 ብለህ ብትልክ፣ በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር 2,250 ይቆረጣል፣ 7 በመቶው ጡረታ 840 ነው፣ እጁ የሚገባው 8,910 ነው። ይህን ሳታስረዳ የቀጠርኸው ሰው በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ይቀየምሃል። «3 ወር ሙከራ» እያሉ የሚጽፉም አሉ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን አያሳልፍም። ደግሞ የመመዝገቢያ ብር የሚጠይቅ ሥራ አገናኝ ሲያጋጥማችሁ ዝም አትበሉ፤ ኤጀንሲ ከሠራተኛ እንዳይቀበል ያው አዋጅ ይከለክለዋል። ሰው መልዕክት ሲደርሰው «ማን ነህ?» የሚለው በእነዚህ ተቃጥሎ ነው።

የባሕር ዳሩ፦ እሺ፣ «ከዚህ እስከዚህ» ተብሎ ቢጻፍስ?

የማርቆሷ፦ «ከ8,000 እስከ 20,000» ከሆነ ሁሉም 20,000ውን ነው የሚያነበው። ጠባብ ይሁን።

የፍኖተ ሰላሙ፦ ጠባብ ከሆነ እኔም አስብበታለሁ። የድሮዎቹን ካስተካከልሁ በኋላ ግን።

የቡሬው፦ ተቀብያለሁ። አለቃዬን ለምኜ እንዲህ ላደርገው ነው፦ «ቡሬ፣ ዱቄት ፋብሪካ፣ ጥራት ተቆጣጣሪ። 12,000 ያልተጣራ። መኝታ አለ። ቢያስቡበት ይደውሉ።» ከ70 በታች ነው፣ ቆጥሬዋለሁ።

የባሕር ዳሩ፦ ስማቸውን ከፊት ጨምርበት። ቦታ ይተርፍሃል።

የማርቆሷ፦ መኝታው ለሴትም ነው?

የቡሬው፦ እሱን ነገ ጠይቄ ልመለስ።