የአክታ ካልቸር ሱዶሞናስን የሚስተው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቲቢ ታክሞ ከዳነ በኋላ ብሮንካይክታሲስ (የሳንባ አየር ቧንቧዎች በቋሚነት መስፋት) ያለበት ሕመምተኛ አረንጓዴ አክታ ያወጣል፤ ሱዶሞናስ የተባለውን ባክቴሪያ ጠርጥረናል፤ ካልቸሩ (ባክቴሪያውን ከአክታው አሳድጎ የሚለየው ምርመራ) ግን ሁለቴ «የአፍ ባክቴሪያ» ተብሎ ተመለሰ። ስህተቱ የት ይሆን?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ናሙናው ላይ ነው። አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት፣ አፉን በውኃ ተጉመጥምጦ፣ ከጥልቅ ስሎ ያውጣ፤ ምራቅ አይሆንም። በ2 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ የማይደርስ ከሆነ ፍሪጅ ይግባ፤ ውጭ ከዋለ የአፍ ባክቴሪያ በዝቶ ሌላውን ይሸፍነዋል። ግራም ስቴይን (ናሙናውን ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት) ላይ በ10 እጥፍ ሌንስ በአንድ እይታ ነጭ የደም ሴል ከ25 በላይ፣ የአፍ ሽፋን ሴል ከ10 በታች ካልሆነ አዲስ ናሙና ጠይቁ።

መልስ፦ ልጨምር። ማኮንኪ በተባለው የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሳህን ላይ ቀለም የሌለው፣ በኦክሲዴዝ ኢንዛይም ምርመራ ፖዘቲቭ የሆነ፣ ወይን ወይን የሚሸት ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምችት) ካያችሁ ሱዶሞናስን ጠርጥሩ። ንፍጥ መሳዩ ዓይነት ቀስ ብሎ ስለሚያድግ 48 ሰዓት ሳይሞላ ሳህኑን አትጣሉት። ለመድኃኒት ፍተሻው የባክቴሪያው ፈሳሽ ድፍርስነት 0.5 ማክፋርላንድ፣ ሙለር ሂንተን የተባለው ማሳደጊያ ውፍረትም 4 ሚሊሜትር ይሁን። ከወፈረ መድኃኒት በያዘው ዲስክ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ ይጠብና ያልተላመደው ባክቴሪያ መድኃኒት የተላመደ ይመስላል። መልካቸው የተለያየ ኮሎኒዎች ካሉ እባካችሁ ለየብቻ ፈትሹ፤ አንዱ ሴፍታዚዲም ለተባለው አንቲባዮቲክ ሲሸነፍ ሌላው ላይሸነፍ ይችላል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የዲኤንኤ መመርመሪያው ጂንኤክስፐርትስ?

መልስ፦ ቲቢንና የቲቢ መድኃኒት የሆነውን ሪፋምፒሲንን መላመዱን እንጂ ሱዶሞናስን አያይም። ቀድሞ በታከመ ሰው ላይ ደግሞ የሞተ የቲቢ ባክቴሪያ ዲኤንኤም ፖዘቲቭ ሊያሰጥ ስለሚችል በቲቢ ካልቸር ይረጋገጥ።